በእማሆይ ድመት ያላከክሁት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፣ ጎረቤት ማማቴንም ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን መስቀሉን ተሳልሜ እነሳለሁ። መዳፍ ስለማትሞላ ኤሊ ምን ብዬ ልጀምር?

እማሆይ እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። መነኩሲት ናቸው፤ ያኔ ከአንዲት ድመት በቀር አብሯቸው የሚኖር አልነበረም። የወንድማቸው ልጅ ከመርሐቤቴ ቆላ ገና ከእንቁላል የወጡ ሦስት ኤሊዎች አመጣላቸው። ለተዝካር ሞላሌ ሲሄዱ አደራውን ለእኔ ሰጡኝ።

«ብርድ እንዳይነካቸው፣ ልጄ። ቅጠል ብቻ ስጫቸው፤ ሌላ አያውቁም» አሉኝ።

እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም። ትናንት የተወለደ ፍጥረት እንዴት የመነኩሴ ምግብ ይበላል? በእኛ አገር ጨቅላ ልጅ እንኳ ቅቤ ይልሳል! በባና ብርድ ልብስ ጠቅልዬ እሳት ዳር አስቀመጥኳቸውና ለትንሿ ለጋ ቅቤ አቅልጬ አፏ ውስጥ አንጠባጠብኩላት። ትን አላት። አንገቷን አንዴ አውጥታ መለሰችው፤ በቃ። እኔ ነኝ የገደልኳት። በገዛ እጄ፣ እያባበልኩ።

እማሆይ ሲመለሱ ገና ሳይጠይቁኝ «ትንሿን ድመቷ በላችብን» አልኳቸው። «ሞተች» ብል ምን ይሉኝ ነበር? ምንም! እሳቸው አዘኑ እንጂ አልተቆጡም፤ ድመቷን በዘንቢል አድርገው ከሩቅ ለመጣ ገበያተኛ ሰጧት። ከስታ፣ እግሯ ቆስሎ ተመልሳ በራቸው ላይ ስትጮህ፣ እሳቸው ሳይሰሙ በድንጋይ ያባረርኳት እኔ ነኝ። ዳግመኛ አልመጣችም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ኤሊዎች አብረን እናሳድጋለን። ጠዋት ፀሐይ አወጣቸዋለሁ፣ ጎመን እከትፍላቸዋለሁ። ቅጠሉን ሲሻሙ እማሆይ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችብኝ፤ በእነዚህ ኤሊዎች ምክንያት እናት አገኘሁ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «እሷ ባትኖር ያቺ ድመት ሁሉንም ትፈጅብኝ ነበር» ይላሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ጎመኔን እከትፋለሁ።

ደስተኛ ነኝ፤ በዚህ ላይ ሌላ ውሸት አልጨምርም። ብነግራቸው አጣቸዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ሳላውቅ ነው ልበል? ቅቤውን ሳላውቅ ነው። ድንጋዩን ግን ዐውቄ ነው የወረወርኩት።

ዛሬም ጠዋት እማሆይ «ሐሰት ከአፍሽ አይውጣ፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።