የሾን አያትና የእኛ ደምሴ

ወታደር ሳለሁ አንድ ኮረብታ እንድንይዝ የታዘዝነው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ነበርን፤ እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬ ለንደን ውስጥ ዊልስደን ተቀምጬ ይህን ለልጅ ልጆቼ የምጽፈው ጎረቤቴ ሾን ባለፈው እሑድ ባነሣው ወሬ ምክንያት ነው።

ሾን አየርላንዳዊ ነው፤ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ይኖራል። አያቱ የኸርሊንግ ተጫዋች ነበሩ። ጨዋታው ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር ይመሳሰላል፤ የዱላው ጫፍ ብቻ ሰፋ ይላል። ሰውየው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ለመንደራቸው፣ በሃያ ዓመታቸው ለአውራጃቸው ተሰለፉ። ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሰው ሁለቱንም ተሸነፉ፤ አንዱን በአንዲት ነጥብ። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወሰዳቸው። አውራጃቸው ዋንጫውን ሲያነሣ እሳቸው ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ቀኝ ክንዳቸውን ፍንጣሪ መትቷቸው ተመለሱ፤ ዱላ ዳግመኛ አልጨበጡም። ለንደን መጥተው መንገድ ሲቆፍሩ ኖሩ። እሑድ እሑድ የአገራቸው ልጆች ሲጫወቱ አጥር ጥግ ቆመው ይሳደቡ ነበር።

«እንደተናደደ ሞተ» አለኝ ሾን።

እኔም ስለ አስር አለቃ ደምሴ ነገርኩት።

ደምሴ ገና ሲጫወት ሩሯን፣ ትንሿን ኳስ፣ ከአየር ላይ በዱላው ይቀልባት ነበር። ለአውራጃው እንዲሰለፍ ፈቃድ ተፈርሞለት ሳለ በገና በዓል ዋዜማ ተሰረዘበት።

«ከበዓሉ በኋላ ብዘምት ጦርነቱ ያልቅብኝ ነበር?» እያለ ሲብከነከን ኮረብታውን ወጣን።

ሁለት ሰዓት ላይ መድፍ ጀመረ። አራት ሰዓት ላይ ውሃ አለቀ። ጥይትም ሳሳ። ለማፈግፈግ በሬዲዮ ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሦስቴም «ባላችሁበት ጽኑ» ተባልን። ስድስት ሰዓት ላይ ደምሴ ቀኝ እጁን ተመታ።

«ጣቶቼን ቁጠርልኝ» አለኝ ዐይኑን ጨፍኖ።

ሁለቱ አልነበሩም። «ሙሉ ናቸው» አልኩት።

«እንግዲያው ለከርሞ እደርሳለሁ» አለ።

ደሙ አልቆም ብሎ ስምንት ሰዓት ላይ ዐረፈ። አሥር ሰዓት ላይ «ውረዱ» ተባልን። በማግስቱ ኮረብታውን የያዘው ማንም አልነበረም፤ ጠላትም አልፈለገው፣ የእኛም አዛዦች አልፈለጉት።

የሾን አያት ስም በመንደራቸው ሜዳ በር ላይ ተጽፏል። ደምሴ የት እንደተቀበረ ለማወቅ ደብዳቤ ጽፌ ጽፌ ሰለቸኝ። የልጅ ልጄ ሳራ «አባባ፣ ኦንላይን ሰርች ላድርግልዎት?» ብላ ብዙ ፈለገች። ምንም የለም።

ከሠላሳ አንዳችን አሥራ ዘጠኙ እዚያ ቀሩ። ስማቸውን በወረቀት ላይ ማስፈር ጀምሬ አሥራ አራት ላይ ቆምኩ። የአምስቱን ፊት አስታውሳለሁ፤ አንደኛው ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስማቸው ግን እንቢ አለኝ። አዛዦቹን መውቀስ ይቀለኛል፤ እነዚህን አምስት ስሞች የረሳሁት ግን እኔ ነኝ።