ፔርሜሶው ይደርሳል ብዬ

ሞኝነቴን ራሴው ልናገርና ይውጣልኝ፤ ሌላ ሰው ካወራው ያረዝመዋል። ሮም ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀውን፣ እኔው ለስንቱ ሳስረዳ የኖርኩትን ሕግ እያወቅኩ ረግጬ ነው ከአየር ማረፊያ የተመለስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና እንድታደርግ ቀጠሮ ቢያዝላትም ሁለቴ አስቀረችው። በስልክ ስለምናት «እሺ፣ ግን ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው አንተን ከሆነ ብቻ» አለችኝ።

«ሚያዝያ ላይ አጠገብሽ ነኝ እማዬ፣ አለቀ!» አልኳት። እግዚአብሔር ካለ ማለቱን እንኳ ረሳሁት።

ያኔ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለእድሳት ገብቷል። እጄ ላይ ያለው ሪቼቩታው፣ የማመልከቻው ደረሰኝ ብቻ ነው። በሱ ቀጥታ አገር ቤት ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ በሌላ የአውሮፓ አገር ማለፍ ግን አይቻልም። እኔ በፍራንክፈርት የሚያልፍ ርካሽ ትኬት ቆረጥኩ። እስከ ሚያዝያ የፈቃዱ ካርድ ይደርሳላ!

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ነኝ። እንግዳ የሚቀበሉት አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ናቸው። ጉዞዬን ስነግራቸው፣ በአገራቸው ስለ መጪው ጊዜ እርግጠኛ ሆኖ በሚያወራ ሰው ላይ የሚያሾፍ የቆየ አባባል እንዳለ ነገሩኝ።

«እርስዎ ደግሞ! ጣሊያን ቢያዘገይም አይቀርም» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ቁልፋቸውን መደርደር ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ጠዋት ስነሳ በስልኬ የፔርሜሶውን ድረ ገጽ እከፍታለሁ፤ «በሂደት ላይ» ይላል። ትራም ውስጥ እከፍታለሁ፤ በሂደት ላይ። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ስልኬ ላይ አፍጥጬ የእንግዳ ሻንጣ የተሳሳተ ፎቅ ላይ አስቀመጥኩ። ሰውዬው በፎጣ ሆኖ ልብሱን ሲፈልግ ኮሪደር ላይ ተገናኘን።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ባለው የሐበሻ ካፌ ውስጥ ደግሞ ለሁሉም ስላወራሁ፣ ሰው አገር ቤት አድርስልኝ እያለ ዕቃ ያመጣልኝ ጀመር፦ መድኃኒት፣ የሕፃን ጫማ፣ አንዱማ የመኪና መስታወት።

«ካርዱ መጣ?» ትለኛለች ባለካፌዋ።

«እየመጣ ነው።»

«ከየት ነው በእግሩ የሚመጣው?»

ካርዱ ሳይመጣ ቀኑ መጣ። ምናልባት ልብ አይሉት ይሆናል ብዬ አየር ማረፊያ ሄድኩ። ትኬት የምታየው ልጅ ሪቼቩታዬን ገልብጣ አየችው።

«ሲኞሬ፣ በዚህ በፍራንክፈርት አያልፉም።»

የቀጥታው በረራ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሞልቷል፤ ሕክምናው በማግስቱ ነው። የሰው ሻንጣ ተሸክሜ የማላውቀው ድካም፣ የራሴን ሁለት ሻንጣ ፒኜቶ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስመልስ ክንዴን አዛለው።

«እማዬ፣ አልተሳፈርኩም» አልኳት በስልክ። «ለኔ ስትይ እንዳትቀሪ» ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ ተዘጋ። ብደውል፣ ብደውል አይነሳም።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ እንጂ ሠራሁ አልልም። ከበሩ ወደ ሊፍቱ፣ ከሊፍቱ ወደ በሩ። ሽማግሌው አይተውኝ ያን አባባላቸውን ያነሱብኛል ብዬ ስፈራ፣ ሻይ ቀድተው አጠገቤ አስቀመጡልኝና ወደ እንግዶቻቸው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። በቪዲዮ ነው። እናቴ፣ ፋሻ የሌላት፣ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ታየኛለች።

«ለሕክምናው ገባሽ?!» አልኳት።

«ጎረቤታችን ጎትታ ወሰደችኝ። መጀመሪያ ያየሁትም እሷን ነው፤ እሷም አርጅታለች። አንተን አስቀድሜ ባይህ ኖሮማ፣ ፋሻውን መልሱልኝ እል ነበር!»

ሳቅኩ፤ ዓይኔን በእጄ ጠረግኩና «በቃ፣ ሰኔ ላይ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተው!» አለችኝ። «ቀን እንዳትነግረኝ። ዝም ብለህ ና፣ በሩን አንኳኳ። አሁን ማን እንደመጣ አይቼ መክፈት እችላለሁ።»