ስሙ የተጠራ ይምጣ

የልብስ ሰፊዋ ምላስ ከመቀሷ ይሰላል። ልጇ ሚጣ ግን አራት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል አልወጣትም። ደንበኞች ቀሚስ እየተለኩ "ሚጣ ዛሬም ዝም ናት?" ሲሏት፣ ሰፊዋ ስፒል በጥርሷ ነክሳ ትስቃለች። ውስጧ ግን እርር ድብን ይላል። የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ልጇ "እማዬ" እንድትላት።

የንግግር አስተማሪዋ ዘዴውን ነገረቻት። "የቤተሰቡን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እየጠቆማችሁ 'ይቺ ማን ናት?' በሏት። ደግሞ አደራ፣ ስሙ የተጠራ ሰው የያዘውን ጥሎ ይምጣ። ጠርታ ሰው ካልመጣላት ለምን ትለፋለች?"

ከስፌት መኪናው በላይ ሁለት ፎቶ ተለጠፈ፤ የሰፊዋና አብራት የምትኖረው የታናሽ እህቷ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ሰፊዋ ብስኩት ከፍ አድርጋ ይዛ "እማዬ ካላልሽ የለም" ትላለች፤ ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ብስኩቱም ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል። እህትየው ቁልፍ እየተከለች "ታታ እኔ ነኝ፣ የኔ ቆንጆ" ትላታለች፤ ልጅቱ ትንፍሽ ባለች ቁጥር መርፌና ክሩን ጥላ ትሮጣለች።

አንድ ጠዋት ሚጣ ጣቷን ወደ እህትየው ፎቶ ቀሰረች።

"ታታ።"

እህትየው በሩጫ መጥታ አቀፈቻት፤ እንባዋም መጣ። ሱሪ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ "ለካ እናትየው እሷ ኖራለች" ብላ ቀለደች።

ቀልዱ ሰፊዋን አጥንቷ ድረስ ዘለቃት። በሳምንቱ እህቷን ጠርታ "ራስሽን የምትችዪበት ጊዜ ደርሷል፤ ሌላ ቤት ፈልጊ" አለቻት።

"እትዬ፣ ልጅቷስ? ገና አሁን መጀመሯ እኮ ነው።"

"ልጅቷ እናት አላት።"

እህትየው ጓዟን ይዛ ወጣች። ሚጣ በሩ ላይ ቆማ ዘጠኝ ቀን ተጣራች። "ታታ። ታታ።" ሰፊዋ እየጎተተች የታታ ፎቶ ፊት ታቆማትና አገጯን ይዛ "የለችም። ስሚኝ፣ የለችም" ትላታለች። በቀን አስር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ይህ ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። በአስረኛው ቀን ልጅቱ መጣራቷን ተወች። ሰፊዋ የእህቷን ፎቶ ከግድግዳው ላይ ላጠች፤ አንጀቷም ቅቤ ጠጣ።

ወር አለፈ። ያቺ ቀልደኛ ደንበኛ ሌላ ጨርቅ ይዛ መጣች። ሰፊዋ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነበር። ልጇን አቅፋ ብቻውን በቀረው ፎቶ፣ በራሷ ፎቶ ፊት ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ብስኩቱን አስቀድማ ሰጠቻት።

"ይቺ ማን ናት፣ የኔ ልጅ? ንገሪያት እስቲ።"

ሚጣ ፎቶውን አየች፤ ቀና ብላም እናቷን አየች። ከዚያ ጥርት አድርጋ፣ ልክ እንደተማረችው መለሰች።

"የለችም።"

ደንበኛዋ በዚህኛው ጊዜ አልቀለደችም። ጨርቋን አጣጥፋ በዝግታ ወጣች። ልጅቱ ብስኩቷን በላች።