ለአራት ሱቅ አንድ ባትሪ

ዛንድስፕሩት በሚባል የሰው አገር የድሆች ሰፈር፣ እኛ መንገድ ላይ፣ አራት የሐበሻ ሱቆች ነበርን። አራታችንም ከአገር ቤት፣ ከደቡብ የመጣን፣ አራታችንም ጣሪያችን ላይ ሶላር የሰቀልን። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወዲህ የመንግሥት መብራት የሚባል ነገር ረስተናል። የእኔ ባትሪ ትንሽ ናት፤ ገና በጠዋቱ ጢም ትልና የቀረው ፀሐይ በከንቱ ይባክናል፣ ሳይነጋ ደግሞ ታልቃለች። ፊት ለፊቴ ያሉት ጋሼ ትልቅ ባትሪ አላቸው፤ ሶላራቸውን ግን ዛፍ ስለጋረደው ሞልቶላቸው አያውቅም።

እኔን ያስጨነቀኝ የሚሞቀው ለስላሳ አልነበረም። ሱቁን ያከራዩኝ አሮጊት፣ ሰፈሩ ሁሉ በአገሩ ቋንቋ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላቸው፣ ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊናቸው የሚቀመጠው እኔ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ጠዋት ካርቶኗን ስነካት ለብ ካለች፣ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ላይ ስነጫነጭ እውላለሁ።

አንድ እሑድ ከቸርች ስንወጣ ሦስቱን አቆምኳቸው። ሶላራችንን እናያይዝ፣ አንድ ትልቅ ባትሪ በጋራ እንግዛ፣ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሙላ አልኳቸው። ለጎጎና ለጎረቤትም ይተርፋል፤ መብራት የሚጋራን ሰው ሱቃችንን አይሰብርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብዬም ተረትኩባቸው።

ጋሼ ፈገግ አሉ። «ሎሚ ከሆነ እሺ፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሮጣል። እኛ የመኖሪያ ፔፐራችን እንኳ ለወራት ብቻ የሚታደስ ሰዎች ነን። ይሄን ባትሪ የሸሸን ቀን ማን ይሸከመዋል?»

ሌሎቹ ሁለቱ ስቀው ወደየሱቃቸው ሄዱ። እኔ ግን በገንኩ፤ ያናደደኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው። «የሚመጣው ዓመት አገሬ ነኝ» እያለ እዚሁ የሸበተ ሰው ምን ተክሎ ያውቃል?

ብርዱ ሳያልፍ «አገራችንን ልቀቁ» የሚለው ሰልፍ ወደ እኛ መንገድ ዞረ። ሸቀጡን ትተን፣ ሶላራችንን ነቅለን፣ ባትሪ ባትሪያችንን አንድ ፒክአፕ ላይ መጫን ጀመርን። ጎጎ ሱቁ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ፍሪጁን ትቼልዎታለሁ» አልኳቸው።

ከፍተው ካርቶኗን አወጡ። «ያለ መብራት ቁም ሳጥን ነው እኮ» አሉኝ፤ ቁጣም የለበትም። «መድኃኒቴን የት ላስቀምጠው፣ ልጄ?»

ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ። ባትሪዬን አቅፌ ፒክአፑ ላይ ወጣሁ።