በሩን የዘጋችው እህቴ

ልጄ ጓሮ ተቀምጣ የእንሰት ቅጠል ስትሰነጥቅ ይሰማኛል። ጥርር ይላል፤ እርጥብ ሽታው እስከ ማጀት ይገባል። ያን ጊዜ እጄ ሥራ ይፈታል። እህቴም እንደዚሁ ነበረች።

እህቴ ታላቄ ናት። ሻንቶ አጠገብ ስናድግ ጩኸት አትችልም ነበር። የገበያ ቀን እንሰቱ ሥር ጆሮዋን ይዛ ትቀመጥና፣ «እኔ አልችልም፤ ገበያ የምትችለዋ ትምጣ» ትለኛለች። ጥቂት ቆይታ ስትነሳ አረማመዷም ድምፅዋም ሌላ ነው። «እትዬ፣ ጨውሽ ከአሸዋ ጋር ተጋብቷል እንዴ?» እያለች ነጋዴዋን ትከራከራለች። ማታ ዝምተኛዋ ትመለሳለች። እኔ ሁሉንም ለምጃቸው ነበር። ጠዋት «ዛሬ ማን ናት?» እላታለሁ፤ ትነግረኛለች።

እናታችን ግን ፈራች፤ ጸሎት ቤት ወሰደቻት። የሚጸልዩላት ሽማግሌ፣ ርኩስ መንፈስ እንደሚጠየቀው፣ «ስምህ ማን ነው? ስንት ናችሁ?» አሏት። እህቴ ለጠየቃት ሁሉ እውነቱን የምትመልስ ልጅ ነበረች። «አንዷ ገበያ የምትሄደው ናት። አንዷ ጩኸት የምትፈራው። ትንሿ ደግሞ ቅጠል የምትሰነጥቀው» አለች።

ቤቱ በአንድ ድምፅ «ውጡ!» አለ። እሷ ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ተጠቀለለች። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ሲደርስ፣ «ወጡ ወይ?» አሏት። «ወጡ» አለች። ቤቱ እልል አለ። እህቴ ስትዋሽ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ገበያ የምትሄድላት አልተመለሰችም። «ዛሬ ማን ናት?» ስላት አፌን በመዳፏ ያዘችው።

አሁን ሶዶ ያለች ሐኪም ልጄ ኦቲዝም አለባት አለችኝ። «‹ሌላኛዋ ይህን ቀሚስ አትወድም› ትለኛለች፤ ይህስ?» አልኳት። «እንዲህ የሚሉ አሉ፤ ገና ብዙ አናውቅም። አታስፈራሪያት፣ አዳምጫት» አለችኝ። ጎረቤቴ ይህን ሰምታ፣ «እሑድ ይጸለይላት፤ እኔ እወስዳችኋለሁ» አለች። ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ።

እሑዱ ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን፣ ነበር፤ እህቴ ለበዓሉ ከተበላ ከተማ መጣች። ልጄ ቅጠሏን እንደያዘች፣ «አሁን ያለችው ትንሿ ናት» አለቻት። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ወጣሁላቸው። በሩን ከውስጥ ዘጋችው፣ ቀጥሎ መስኮቱን።

«አሁን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» ስትል ሰማኋት። የቅጠሉ ድምፅ ጀመረ፤ የሁለት ሰው እጅ ነበር።

ጎረቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። «ተነሱ እንጂ፣ ጸሎቱ ሊጀመር ነው።»

«ዛሬ እንግዳ አለብን» አልኳት፤ በሩን ተደግፌ ከተቀመጥኩበትም አልተነሳሁም።