የዑስማን የረመዳን ጽዳት

ዑስማን ሸዋ በር፣ ሚኒባሶች ከሚጮሁበት ማዶ፣ ከእኔ የልብስ ስፌት ቤት ጎን በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ ላይ አፕ ይጭናል። በፊት ካሴት ይገለብጥ ነበር፣ ከዚያ ቪሲዲ። ሥራው ሲለዋወጥ ምላሱ ግን ያው ነው።

በ2010 አንድ ዘዴ ተማረ። ኢንተርኔት ላይ ያለን ገጽ በብሮውዘር ከፍቶ አንዲት ትእዛዝ ሲነካ፣ ገጹ ስልኩ ፊት ላይ እንደ አፕ ይቀመጣል። ቦታ አይፈጅም፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል። ኔትወርኩ ደግሞ በዚያ ዓመት መጥፋት ተክኖበት ነበር። ችግሩ ሥራው ሁለት ሴኮንድ ብቻ መፍጀቱ ነው። ደንበኛ በሁለት ሴኮንድ ያለቀ ሥራ አያምንም። ስለዚህ ዑስማን ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያያይዝና ምንም ሳይሠራ ሩብ ሰዓት ግንባሩን ይቋጥራል። ሰውየው ረክቶ ይሄዳል።

«ራሱን የቻለ አፕ ነው፤ ከብሮውዘሩ ጋር ምንም አያገናኘውም» ይላል ሲሸኝ። ሲደጋግመው ራሱም አመነው። እኔም እየሰማሁ እስቅ ነበር፤ አሁን ይቆጨኛል።

ወይዘሮ ዋፊቃ የፈላና በር ሴቶች አፎቻ ጸሐፊ ናቸው። አፎቻ በሐዘንና በሠርግ የሚደራረሱበት ማኅበር ነው፤ ማን ለማን ሐዘን እንደደረሰች ይመዘገባል። ደብተራቸውን ዝናብ ቢያበላሽባቸው ዑስማን በዚያው ዘዴ የመመዝገቢያ ገጽ ስልካቸው ላይ ጫነላቸው። የሦስት ዓመቱን አንድ በአንድ ገለበጡበትና ደብተሩን ጣሉት።

መዝገቡን ከሁሉ በላይ የምትፈልገው መርየም ነበረች፤ ከድሬ ጠያራ መጥታ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት። «ሐዘን አትደርስም» የሚል ሐሜት ተነሥቶባት ከዒድ በኋላ ከአፎቻው የመባረሯ ነገር ሊታይ ነው። ዘመድ የሌላት ሴት ከአፎቻ ወጣች ማለት ለቀብሯ የሚቆም የለም ማለት ነው።

«መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አልቀረችም» አሉኝ ወይዘሮ ዋፊቃ። «በስብሰባው ላይ አነበዋለሁ። ያኔ ሁሏም አፏን ትይዛለች።»

ሸዋ በር ላይ አንድ ልማድ አለ፤ ረመዳን ሲቃረብ ሰው ስልኩን ያስጸዳል። ዑስማን ብሮውዘሩን ከፍቶ ዓመቱን ሙሉ የታየውን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋል፤ ምን እንደነበረ አይጠይቅም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የእኛ ሰዎች ይሰለፋሉ፤ በዚህ እንኳ ሃይማኖት አልለየንም። ወይዘሮ ዋፊቃ ምን የሚጸዳ ነገር እንደነበራቸው አላህ ይወቀው። ከጎረቤት ላለማነስ ስልካቸውን ሰጡ፤ ዑስማንም የቀረ እንዳይኖር ሁሉንም አጠፋ።

የመዝገቡ ምልክት ስልኩ ላይ እንደነበረ ነው። ሲከፍቱት ግን አንድም ስም የለበትም፤ የጻፉት ሁሉ የተቀመጠው እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ኖሯል።

«ወላሂ፣ ራሱን የቻለ መስሎኝ ነው» አለ ዑስማን፤ ምላሱ ሲተሳሰር ያኔ ገና አየሁት።

«ልጄ፣ ራሱን የቻለ ማን አለ?» አሉት።

በስብሰባው ቀን ዑስማን በራሱ ላይ ሊመሰክር ሄዶ ከሴቶቹ ደጃፍ ቆመ። ጥፋቱን ሳይደብቅ ተናገረ። እሱ እንደነገረኝ፣ ከየአቅጣጫው የእፎይታ ትንፋሽ ተሰማ። ለካ እዚያ ቤት ያሉት አብዛኞቹ ራሳቸው የቀሩበት ሐዘን ነበራቸው፤ መዝገቡ ቢነበብ ይጋለጡ ነበር። ወይዘሮ ዋፊቃ «እኔ መርየምን አስታውሳለሁ» ቢሉ፣ «በማስታወስ ከሆነማ ሁላችንም እናስታውሳለን» ተባሉ።

ከዚያ ሐሜቱን የጀመረችው ፋጡማ ተነሣች።

«አላህ መሓሪ ነው፤ ያለፈው ይለፍ። መርየምንም ይቅር ብለናታል፤ ትቆይ።»

ሁሉም «አሚን» አሉ።

መርየም ከጥግ ተነሣች። «እኔ እኮ ሁሉም ጋ ሄጃለሁ» አለች።

«ይቅር ብለንሻል አልን እኮ» አለቻት ፋጡማ፣ በደግነት። «ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።