ሠላሳ ሰው ያስቀየመው መውቂያ

ጎረቤቴ ባቢከር ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ የተነገረውን ማመኑ ነው። እኛ የሆሞሻ ገበሬዎች ስብሰባ ላይ አጨብጭበን ቤታችን ስንደርስ የምንረሳውን ነገር እሱ የምሩን ይይዘዋል።

አምና የግብርና ባለሙያው ደባልቄ የማሽላ መውቂያ ማሽን መጣ ብሎ ሰበሰበን። ደባልቄ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ቅን ልጅ ነው፤ ሲናገር ግን መቶኛ ያበዛል። "ማን ይሞክረው?" ሲል ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ባቢከር እጁን አወጣ።

እኛ ጋ ማሽላ የሚወቃው በደቦ ነው። ሠላሳ ሰው ዱላውን ይዞ ይመጣል፣ እየዘፈነ ሲወቃ ይውላል፣ ባለቤቱም ገንፎ በባሚያ ያበላል። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ለጋብቻ እንደደረሰች የምንሰማውም እዚያው ነው። የባቢከር ማሽላ ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ተወቅቶ አለቀ። እኛ ባይጠራንም እንደ ልማዳችን ዱላችንን ይዘን ስንደርስ እሱ የጆንያ አፍ ይሰፋል።

"አሳረፍኳችሁ!" አለን እየሳቀ።

ማንም አልሳቀም። "በማሽን የተወቃ ዘር አይበቅልም" አለ አንዱ። "ገንፎውም አይጣፍጥም" አለ ሌላው። ከሁሉ አብልጬ "ባህላችን ተደፈረ" እያልኩ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። እውነቱን ልናገርና ቀንቼ ነው። በዱላ በወቃሁ ቁጥር ትከሻዬ ሳምንት ያመኛል።

ሚያዝያ ላይ የባቢከር ጎጆ ጣሪያ አርጅቶ ከውስጥ ሰማይ ይታይ ጀመር። ዝናቡ ደርሷል። ሳሩን አጭዶ፣ ቀርከሃውን ፈልጦ ለደቦ ጠራን። ጣሪያ ብቻውን የሚከድን ሰው የለም። በቀጠሮው ቀን አንድም ሰው አልሄደም። አንዱን ጥርሱን አመመው፣ አንዱ ሸርቆሌ ያለ ዘመዱ ሞተበት፣ የእኔ ፍየል ወለደች። ፍየል የለኝም።

ሚስቱ ማሪያም መንደሩ እንዲሰማት ደጅ ወጥታ ጮኸች፤ "በል ማሽንህን ጥራው፣ ወጥቶ ይክደንልህ!"

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ። ልጆቹ ሌሊቱን ጥግ ለጥግ ሲሸሹ አደሩ። ሲነጋ ባቢከር የደቦው አለቃ ሐምዳን ቤት መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"ድካም ቀነስኩ እንጂ ማንን ሰደብኩ?" አለ።

"ማሽኑን ማን ጠላው?" አለ ሐምዳን። "ያልጠራኸን እኛን ነው። ለከርሞ እሱንም አምጣ፣ እኛንም ጥራ።"

"መጥታችሁ ምን ትሠራላችሁ?"

"እንገኛለን።"

በማግስቱ ሁላችንም ወጥተን ጣሪያውን ከደንነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? እኔ ግን ሳር ሳቀብለው ዓይኑን ማየት አፍሬ ዋልኩ።

ዘንድሮ ታኅሣሥ ማሽኑ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሰ። እኛ ሠላሳችን ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠን እስኪመሽ ገንፎ በላን። ሥራ መፍታት ያስርባል መሰል፣ ማሪያም ሦስት ጊዜ አገነፋች። ደባልቄ መጥቶ ቆጠረንና "ሠላሳ ተጠቃሚ" ብሎ ጻፈ። ሲሄድ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ባቢከር፣ ይህ ማሽን በዱላ ከምትወቃው የበለጠ ወጪ አላስወጣህም?" አልኩት።

"ዝም ብለህ ብላ" አለኝ። "ልጆቼ ክረምቱን በደረቅ መሬት ተኝተው ከርመዋል።"